የቱን ልጀምር? ግራይንድኮርንና ዴዝ ሜታልን ያዋሃዱ ስድስት አልበሞች

ጎጃም ውስጥ ሜታል የሚሰማ ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ አለ። ደብረ ማርቆስም አለ። አብዛኛው የጀመረው በሊንኪን ፓርክ ወይም በሜታሊካ ነው። ከዚያ ዩቲዩብ ቀስ በቀስ እየገፋ ጫፍ ላይ ያደርሰዋል። ጫፉ ላይ ያለው ግራይንድኮርና ዴዝ ሜታል የተዋሃዱበት፣ በዚያ ላይ ሙከራ የተጨመረበት ሙዚቃ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ወይ ግማሽ ደቂቃ ሰምቶ ይዘጋዋል፣ ወይ ደንግጦ እዚያው ይቀርና «የቱን አልበም ላውርድ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ደንግጦ ለቀረው ሰው ነው።

መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ ልንገራችሁ። ለአብዛኛው ጀማሪ የምመርጠው የሲንጋፖሩን ቡድን ወርምሮትን ነው። አልበሙ «ሂስ» ይባላል፤ የወጣው በ2022 ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ግን የካናዳውያኑን የጎርገትስን «ኦብስኩራ» ይያዝ። ጆሯችሁ ከእኔ ጆሮ ሊለይ ስለሚችል ምክንያቱን ሳታነቡ አታውርዱ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ስልቶች በምን ይለያያሉ?

ግራይንድኮር ስሙንና መልኩን ያገኘው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም አካባቢ ነው። ሥሩ ፐንክ ነው። ፐንኩ እጅግ ፈጠነ፣ የሜታል ክብደት ተጫነበት፣ ዘፈኖቹም አጠሩ። የበርሚንግሃሙ ቡድን የናፓልም ዴዝ አልበም «ስከም» በ1987 ሲወጣ 28 ዘፈኖችን በ33 ደቂቃ ገደማ ጨርሷል። ከመካከላቸው አንዱ 1.316 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በጊነስ የዓለማችን አጭሩ ዘፈን ተብሎ ተመዝግቧል። ከበሮ የሚመታው ሚክ ሃሪስ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ቻግኒ ድረስ ይወስደናል።

ስልቱን የሚሸከመው ብላስት ቢት የሚባለው አመታት ነው። ስኔር የሚባለው ትንሹ ከበሮ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮና ሲምባሉ ያለ ዕረፍት በከፍተኛ ፍጥነት ይወርዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ድብልቅልቅ ያለ ጩኸት ይመስላል። ጆሮ ሲለምደው ግን በውስጡ ያለው ቆጠራ ይለያል።

ዴዝ ሜታልን ስናነሳ በብዛት ፍሎሪዳን፣ በተለይም ታምፓ ያለውን ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ እናነሳለን። ጊታሮቹ ወደ ታች ይቃኛሉ። ድምፃዊው ከጉሮሮው ሥር ያጓራል። ዘፈኖቹ ረዘም ይላሉ፤ አንዱ ክፍል ሌላውን ይወልዳል። በአጭሩ ግራይንድኮር ይቸኩላል፣ ዴዝ ሜታል ይገነባል። ሁለቱን ማዋሃድ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። የቸኮለ ነገር ለመገንባት ጊዜ የለውም።

በምን ልመዝን?

ጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «የቱ ይፈጥናል? የቱ ይከብዳል?» ብለው ነው። በዚህ መስፈርት መምረጥ አይቻልም፤ ምክንያቱም ስድስቱም ይፈጥናሉ፣ ስድስቱም ይከብዳሉ። የሚለያዩት ፍጥነቱ ጋብ ሲል በሚያደርጉት ነገር ነው። አንዱ ሳክስፎን ያስገባል። አንዱ ቫዮሊን ያስገባል። ሌላው በኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ ይሞላዋል። ሌላው ደግሞ ጊታሩን ጭራሽ ጊታር እንዳይመስል ያደርገዋል።

ስለዚህ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ሙዚቃ ስትሰሙ ጆሯችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ከበሮው? ወደ ድምፃዊው? ወደ ዜማው? ወይስ ወደ አጠቃላይ ድባቡ? ለአራቱ መልስ አራት የተለያየ አልበም አለ። ፍኖተ ሰላም የሰርግ ባንድ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ወዳጅ አለኝ። እሱን የሳበው አልበም እንጅባራ ያለችውን፣ መዝሙርም ዘፈንም በድምፅ ብቻ የምትመዝነውን ወዳጄን ምንም አላላትም። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መሠረቱ፦ ቴረራይዘር፣ «ወርልድ ዳውንፎል»

በ1989 የወጣው ይህ አልበም ዛሬ ሙከራ አይባልም። የገባው ውህደቱ ንጹሕ ሆኖ የሚሰማበት ሥራ ስለሆነ ነው። ከበሮው ላይ ፒት ሳንዶቫል፣ ቤዙ ላይ ዴቪድ ቪንሰንት አሉ፤ ሁለቱም የዴዝ ሜታሉ ሞርቢድ ኤንጅል አባላት ነበሩ። ጊታሩን የያዘው ሄሴ ፒንታዶ ነው፤ በኋላ ናፓልም ዴዝን ተቀላቅሎ ለዓመታት ሠርቷል፣ በ2006 አርፏል። የተቀዳው እዚያው ሞሪሳውንድ ነው። 16 ዘፈኖች፣ 36 ደቂቃ ገደማ።

የሚገርመው፣ አልበሙ ሲቀዳ ቡድኑ እንደ ቡድን ተበትኖ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ መሣሪያ ተለይቶ ይሰማል። ከስሌየር ወይም ከሴፑልቱራ የመጣችሁ ከሆነ መንገዱ ለስላሳ ነው፤ እዚህ ጀምሩ። አዲስ ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ የመጣችሁት ግን ይለፋችሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዘፈኖች ከሰማችሁ የቀሩትን መገመት ትችላላችሁ።

ቻግኒና ፔይንኪለር

አሁን ወደ ሚክ ሃሪስ እንመለስ።

ጂጂን የማያውቅ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች የተሳተፉበት ያ አልበም ማለቴ ነው። በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»ም ያዘጋጀው እሱ ነው።

ይኸው ቢል ላስዌል በ1991 ፔይንኪለር የሚባል ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። ከበሮው ላይ ሚክ ሃሪስ ራሱ አለ። ሦስተኛው ሰው የኒው ዮርኩ የሳክስፎን ተጫዋች ጆን ዞርን ነው። ጊታር የለም። የመጀመሪያ ሥራቸው «ገትስ ኦቭ ኤ ቨርጂን» ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያሳተመው ናፓልም ዴዝንና ቴረራይዘርን ያሳተመው የእንግሊዙ ኢርኤክ ነው። ያን የጂጂን አልበም ጥልቅ ቤዝ የሚወድ ሰው፣ ያ ቤዝ ከዓመታት በፊት ምን ውስጥ እንደነበር ሊሰማ ይገባዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግራይንድኮር ከእኛ በጣም ሩቅ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ይህን ነው የምነግረው። በአንድ ሰው በኩል ብቻ ከቻግኒ ወደ ናፓልም ዴዝ ከበሮ ይደረሳል።

ይሁን እንጂ መምረጥ ላይ ነን፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ለመጀመሪያ አልበምነት አልመክረውም። የዞርን ሳክስፎን ዜማ አያወጣም፤ ይጮኻል። አጭር ቢሆንም ያደክማል። በሙላቱ አስታጥቄ በኩል ጃዝን የወደደ ሰው ሳክስፎን አለው ሲባል ተስፋ አድርጎ ይመጣና ይቆጣል። ነጻ ጃዝ፣ ማለትም ዜማና ምት የማይገድበው ጃዝ፣ የለመደ ጆሮ ካላችሁ ግን ከስድስቱ ቀዳሚው ይሄ ነው።

መካከለኛ መንገድ አለ። የ1994ቱ «ኤክሲኪዩሽን ግራውንድ» ሁለት ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ዲስክ ሦስት ረጃጅም ሥራዎችን ይዟል። ፍጥነቱ ከጃማይካ በመጣው የደብ ቅንብር ይሰበራል፣ ድምፆቹ እየራቁ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ዲስክ ድባብ ብቻ ነው። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ነገር ከፈለጋችሁ እሱን ያዙ።

«ኦብስኩራ»፦ ለታጋሽ ጆሮ

ጎርገትስ በ1989 ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ የተመሠረተ ቡድን ነው። ሁለት መደበኛ የዴዝ ሜታል አልበሞች ካወጣ በኋላ ያሳትመው የነበረው ኩባንያ ተወው። መሪው ሉክ ለሜ አዲስ ሙዚቃ ጽፎ ነበር፤ ለዓመታት አሳታሚ አላገኘም። በመጨረሻ በ1998 «ኦብስኩራ» ወጣ። 12 ዘፈኖች፣ አንድ ሰዓት ገደማ።

በጥብቅ ከተናገርን ይህ ግራይንድኮር የለበትም፤ ዴዝ ሜታል ነው። ታዲያ ለምን እዚህ ገባ? ከእሱ በኋላ በዚህ መስክ የመጣ ሙከራ በሙሉ ማለት ይቻላል የሱን መንገድ አይቷልና ነው። ያለ እሱ ንጽጽሩ ጎዶሎ ይሆናል።

ምኑ ነው አዲሱ? የሉክ ለሜና የስቲቭ ኸርድል ሁለት ጊታሮች እርስ በርስ አይስማሙም። ሆን ብለው ነው። አንዱ ክር ሲፈጭ ሌላው ያቃስታል። ኖታዎቹ ተጠጋግተው ይፋጫሉ። ሪፉ፣ ማለትም የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ፣ የሚያልቅ ሲመስል አያልቅም፣ የሚቀጥል ሲመስል ይቆረጣል። ከበሮው ብላስት ቢት ሲመታ እንኳ የለመድነው ቦታ ላይ አይወድቅም።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የማይናቅ ዕድል አለ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አንቺሆዬ ነው። በውስጡ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉት። ለፈረንጅ ጆሮ የሚቆረቁረው ያ ርቀት ለእኛ የሰርግ ዘፈን ነው። «ኦብስኩራ» አንቺሆዬ አይደለም፤ ቅኝቱም ዓላማውም ሌላ ነው። ግን የተጠጋጉ ድምፆች ሲፋጩ የሚወጣውን ስሜት ከልጅነቱ የለመደ ጆሮ ቶሎ አይሸሽም። ይህን ያየሁት በሰው ላይ ነው። ሮክ ብቻ የሚሰሙ ጓደኞቼ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተዉት። ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ አንድ የዳንግላ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

አሰማሙ ዘዴ ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ዘፈን አትጀምሩ። «ክላውድድ» የሚለውን ፈልጉ። ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ፣ እንደ ጭቃ የሚጎተት ዘገምተኛ ዘፈን ነው። ፍጥነቱ ስለሌለ ጊታሮቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ በግልጽ ይሰማል። ቀጥሎ «ኧርዝሊ ላቭ» ውስጥ የሚገባውን ቪዮላ አድምጡ፤ ለሜ ቪዮላና የሙዚቃ ድርሰት የተማረ ሰው ነው። ሁለቱ ሲገቧችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ሰዓቱንም በሁለት ክፈሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ መስማት ለጀማሪ ቅጣት ነው።

ባጃጅ ውስጥ ወይም ገበያ መሃል ደግሞ አይሰማም። የውጭ ጫጫታ ሲገባበት ያ ሁሉ የተጠና ፍጭት ተራ ሁካታ ይሆናል። ጸጥ ያለ ክፍል ወይም ረፋድ ላይ የጣና ዳር መንገድ ይፈልጋል።

ስቲቭ ኸርድል በ2012 አርፏል። ጎርገትስ በ2013 «ከለርድ ሳንድስ» ብሎ ተመልሷል። እሱም ድንቅ ነው፣ ከ«ኦብስኩራ»ም ይቀላል። ያም ሆኖ ስብራቱን ከምንጩ መስማት ይሻላል ባይ ነኝ።

ለከበሮ ሰው፦ ዲስኮርዳንስ አክሲስ

የኒው ጀርሲው ዲስኮርዳንስ አክሲስ በ2000 «ዘ ኢንኤሊየነብል ድሪምለስ»ን አወጣ። 17 ዘፈኖች በ23 ደቂቃ ገደማ። ሦስት ሰዎች፣ ቤዝ የለም። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ስትነሱ ብትከፍቱት መራዊ ሳትደርሱ ያልቃል።

የፍኖተ ሰላሙን ወዳጄን የያዘው ይሄ ነው። ዴቭ ዊት ከበሮውን ሲመታ በሰከንዶች ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ስልት ይቀይራል፤ ሆኖም አንድም ምት አይደበዝዝም። የሮብ ማርተን ጊታር ቀጭንና ስለት ያለው ነው። ጆን ቻንግ ከማጓራት ወደ ሹል ጩኸት በአንድ ቃል ውስጥ ይሻገራል። ግጥሞቹ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድና ከጃፓን አኒሜ ብዙ ይወስዳሉ፤ ተቀምጦ ማንበብ ይክሳል። ዲስኩ ሲታተም በዲቪዲ ማቀፊያ ነበር የወጣው፤ ያኔ ለሙዚቃ ያልተለመደ ነገር ነው።

ጉድለቱ እረፍት ማጣቱ ነው። መጨረሻው አካባቢ «ኤ ሌደን ስትራይድ ቱ ኖዌር» የሚባል ረጅምና ዝግ ያለ ዘፈን እስኪመጣ ድረስ መተንፈሻ የለም። ለከበሮ ሰው ደስታ ነው። ለሌላው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አልበም ይሁን።

የመጨረሻው ፉክክር፦ ፉል ኦፍ ሄል ወይስ ወርምሮት?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም አዲስ ናቸው፣ ሁለቱም በደንብ የተቀዱ ናቸው።

ፉል ኦፍ ሄል ከአሜሪካ ሜሪላንድና ፔንሲልቬንያ የመጣ ቡድን ነው። «ትራምፐቲንግ ኤክስታሲ» በ2017 ወጣ። 11 ዘፈኖች፣ 23 ደቂቃ ገደማ። የቀዳው ኮንቨርጅ የሚባለው ቡድን ጊታሪስት ከርት ባሉ ነው። ይህ ቡድን ቀደም ብሎ በ2014 ከጃፓናዊው የጫጫታ ሙዚቃ ሰው ከመርዝባው ጋር ሙሉ አልበም ሠርቷል፤ የዚያ ሥራ ጠባይ እዚህም አለ። በዘፈኖቹ መካከልና ሥር ማሽኖች ያፏጫሉ፣ ያጉረመርማሉ። ክብደቱ ግን የዴዝ ሜታል ነው።

እጅግ የምወደው የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ነው። ኒኮል ዶላንጋንገር የምትባል ካናዳዊት እንግዳ ሆና ትገባለች። ድምፅዋ ቀጭን፣ የልጅ የሚመስል ነው። በዙሪያዋ ያለው ነገር ሁሉ እየፈረሰ እሷ አትጮኽም። የእንጅባራዋ ወዳጄ ከስድስቱም አልበሞች መርጣ ደጋግማ የሰማችው ይህን ብቻ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅና አልበሙን በከባድ እርምጃ ይዘጋዋል።

ወርምሮት ሌላ ዓለም ነው። ከሲንጋፖር ነው፤ ከዚህ ሙዚቃ የትውልድ ቦታዎች ርቆ። አንድ ጊታር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ድምፃዊ። እነሱም ቤዝ የላቸውም። «ሂስ» 21 ዘፈኖችን በ33 ደቂቃ ገደማ ይዟል። አሪፍ የሚባለው ድምፃዊ ያጓራል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም በጠራ ድምፅ ይዘፍናል። የራሺድ ጊታር አንዴ ፐንክ ነው፣ አንዴ ዴዝ ሜታል፣ አንዴ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ላይ የተለቀቀ ዜማ። ከዚያ ቫዮሊን ይመጣል። ለማስዋብ የገባ አይደለም። ከጊታሩ ጋር ይጣላል፣ ይጮኻል፣ መዝጊያው «ግላስ ሻርድስ» ላይ ደግሞ ዘፈኑን ራሱ ይሸከመዋል።

ለምን «ሂስ»ን አስቀደምኩ? በየሁለት ሦስት ዘፈኑ ጆሮ የሚጨብጠው ነገር ስለሚሰጥ ነው። ከበሮ ወዳዱ የከበሮ መቺውን የቪጄሽን ምት ያገኛል። ድምፅ ወዳዱ ሦስት አራት ዓይነት ድምፅ ያገኛል። ዜማ ወዳዱ ቫዮሊኑን ያገኛል። «ትራምፐቲንግ ኤክስታሲ» ይህን ያህል አይለግስም። አንድ ድባብ ይዞ ይገባል፣ በዚያው ይዘልቃል። ድባቡን ከወደዳችሁት ግን ከ«ሂስ» የበለጠ ይይዛችኋል፤ ደጋግሞ በመስማት የሚያድገውም እሱ ነው።

የሚያሳዝነው ነገር አለ። «ሂስ» በወጣበት ሰሞን አሪፍም ቪጄሽም ከቡድኑ መልቀቃቸው ታወቀ። ያን አልበም የሠሩት ሦስት ሰዎች አብረው መድረክ ላይ ሊያሳዩት አልቻሉም። ይህን አውቆ መስማት ለኔ የመጨረሻውን ዘፈን ከባድ ያደርገዋል።

ፉል ኦፍ ሄልን መርጣችሁ ከወደዳችሁት ቀጣዩ «ዊፒንግ ኳየር» ነው፣ 2019። ወርምሮትን ከወደዳችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የ2016ቱን «ቮይስስ» ስሙ።

ግጥሙና ሽፋኑ

ቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ዴዝ ሜታል ሁሉ የሰይጣን ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚዘፍኑ ቡድኖች ግን አሉ፣ መካድ አያስፈልግም። ሞርቢድ ኤንጅል ከእነሱ አንዱ ነው። አባላቱ የተሳተፉበት «ወርልድ ዳውንፎል» ግን የሚያወራው ስለ ጭቆና፣ ስለ ጦርነትና ስለ ማኅበረሰብ መበስበስ ነው። «ኦብስኩራ» ስለ መንፈስና ስለ ነፍስ ስሜት ይጠይቃል። ፉል ኦፍ ሄል ሃይማኖታዊ ምስሎችን በጨለማ መልክ ይጠቀማል፤ ይህ የሚከነክነው ሰው ሌላውን ይምረጥ። የፔይንኪለር የመጀመሪያ አልበም ሽፋን በጣም የሚረብሽ ነው። ስልካችሁን ታናናሾቻችሁ የሚነኩት ከሆነ ምስሉን አጥፉት።

በጾም ወራት ዘፈን የምትተዉ ደግሞ አላችሁ። አልበሞቹ የትም አይሄዱም፤ ከበዓሉ በኋላ ያገኟችኋል።

ዳታ፣ ፋይልና ጆሮ ማዳመጫ

ኢንተርኔት ሲኖር ማውረድና ማስቀመጥ እዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ሁሉ የተማረው ነገር ነው። ስለዚህ መጠኑን ላስላላችሁ። 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል። «ትራምፐቲንግ ኤክስታሲ» ወደ 55 ሜጋባይት፣ «ሂስ» ወደ 80፣ «ኦብስኩራ» ወደ 145 ሜጋባይት ይሆናሉ ማለት ነው። በቪዲዮ ከማየት በእጅጉ ይቀላል።

ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ ግን ወደ 128 ኪሎቢት አትውረዱ። በሌላ ሙዚቃ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅ ይሆናል፤ በብላስት ቢት ግን ወዲያው ይታወቃል። ሲምባሎቹ ተጣብቀው እንደ ሚፈስ ውሃ ይሆናሉ። ብዙ ሰው «ጫጫታ ነው» ብሎ የሚተወው በቴሌግራም የተላከ የተጨመቀ ፋይል ሰምቶ ነው። የምትችሉትን ያህል ጥሩ ፋይል ከያዘ ሰው በፍላሽ ተቀበሉ፤ ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይም ብዙ አልበሞች ሳይገዙ ሙሉውን ማድመጥ ይቻላል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ግዙ። እነዚህ ቡድኖች ሀብታም አይደሉም፤ የአንድ አልበም ዋጋ ለእነሱ ትልቅ ነው።

በስልክ ስፒከር አትስሙ። የእግር ከበሮው ይጠፋል፣ ግማሹ ሙዚቃ አብሮት ይሄዳል። የብሉቱዝ ስፒከርም ቤዙን ስለሚያሳብጥ ሁሉንም ያጨማልቀዋል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ባለ ገመድ ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ስልኩ ላይ ያለውን ቤዝ ቡስት አጥፉ። ይህ ሙዚቃ ድምፁ ሲጨመር የተሻለ ስለሚመስል እጃችሁ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ድምፁ ከዚያ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ሰው በመደበኛ ድምፅ አጠገባችሁ ሲያወራ ጭራሽ የማይሰማችሁ ከሆነ አንድ ሁለት ደረጃ ቀንሱና «ሂስ»ን ከመጀመሪያው ዘፈን ክፈቱት።